ጃኬቱን ገልብጡት፦ ለታንኳ የሚሆን የዝናብ ልብስ አመራረጥ

የዝናብ ጃኬት ስትገዙ መጀመሪያ ገልብጡት። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ኪሱ ብዛት ያውራ፤ እናንተ ውስጡን እዩ። ስፌት በሄደበት ሁሉ፣ በትከሻው፣ በብብቱ፣ በእጅጌውና በቆቡ ዙሪያ፣ ስስ ቴፕ በሙቀት ተለጥፎ ማየት አለባችሁ። ቴፕ ከሌለው ለንፋስ ይሆናል እንጂ ለዝናብ አትግዙት። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ክሩም ውሃ እየመጠጠ ወደ ውስጥ ያደርሳል።

እኔ ቡራዩ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ሸራ እሰፋለሁ። የአይሱዙ መሸፈኛ፣ የድግስ ድንኳን፣ የገበያ ጥላ፣ የመጣውን ሁሉ። የታንኳ ነገር የመጣብኝ በወንድሜ ልጅና በጓደኞቹ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ወንጪ ወይም ዝዋይ ካልወረዱ አይሆንላቸውም። መጀመሪያ የተቀደደ ጃኬት እያመጡ ያስጠግኑኝ ነበር፤ ኋላ እኔንም ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ። አሁን ለጉዞ የሚዘጋጅ ሁሉ «እትዬ፣ ይሄ ውሃ ያስገባል?» እያለ ሱቄ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ከመድገም ብዬ ነው የጻፍኩት።

የመርፌው ነገር የቆየ ጣጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ አስገብቶ የፈጠራ መብት ሲያገኝ ጨርቁ ውሃ አያሳልፍም ነበር። ልብስ ሰፊዎች ካፖርት ሊሠሩበት በመርፌ ሲበሱት ግን ያንጠባጥብ ጀመር። ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል፣ ዛሬም እኔ ዘንድ ከሚመጡት አፍሳሽ ጃኬቶች የአብዛኞቹ ችግር ይኸው ነው፤ ጨርቁ ደህና፣ ስፌቱ ወንፊት።

ቴፕ አለው ብላችሁም አትቸኩሉ። ርካሽ ሥራ ላይ ትከሻውንና ቆቡን ለጥፈው ብብቱንና ጎኑን ይተዉታል። ቀዛፊን የሚያረጥበው ደግሞ ብብቱ ነው። ጥፍራችሁን በቴፑ ጠርዝ ሥር አስገብታችሁ በቀስታ ሞክሩት፤ ከተነሣላችሁ ብዙ አይከርምም። ሻጩ በበኩሉ ውሃ ረጭቶ ጠብታው ሲንከባለል ያሳያችኋል። ጠብታው የሚንከባለለው ከላይ በተቀባው ነገር ምክንያት ነው፤ ስለ ጨርቁ ውስጥ ምንም አይነግራችሁም። እናንተ ሶፍት ከውስጥ በኩል አድርጉና የረጠበውን ቦታ በአውራ ጣታችሁ ጫን ብላችሁ እሹት። ሶፍቱ ከራሰ ቻው። ቤት ከወሰዳችሁት በኋላ ደግሞ የትከሻውን ስፌት ጎድጎድ አድርጋችሁ ከላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቁሩበት፣ ቡና አፍሉ፣ ስትመለሱ ከሥር ዳስሱት።

አሁን ወደ ታንኳው። ለእግር ጉዞ ጥሩ የሆነ ልብስ ለታንኳ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። የሚሄድ ሰው ላይ ዝናቡ ከላይ ወርዶ በጫማው በኩል ይሄዳል። ታንኳ ላይ ግን ተቀምጣችኋል ወይም ተንበርክካችኋል፤ ውሃው ጭናችሁ ላይ ይቆማል። መቅዘፊያውን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር የተንጠባጠበው በእጃችሁ ተከትሎ በእጅጌ ገብቶ ክርናችሁ ድረስ ይዘልቃል። ከሥርም አለ። የጣና ታንኳ ከደንገል የተሠራ ስለሆነ ደንገሉ ራሱ ውሃ ይመጥጣል፣ እየዋለ ይከብዳል፣ መቀመጫችሁም እርጥብ ነው። የሚነፋው ጀልባም ቢሆን ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ወለሉ ላይ ይጠራቀማል።

ስለዚህ ሱቄ ውስጥ ለምለካው ሰው ሁሉ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥንና የመጥረጊያ እንጨት አቀርባለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ አዲስ ጃኬት ለብሳ መጣች፤ አምሮባታል፣ ወገቧ ላይ ልክክ ብሏል። «እስኪ ተቀመጪና ቅዘፊ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ተቀምጣ መጥረጊያውን አንሥታ ሁለቴ በግራ፣ ሁለቴ በቀኝ ስባ ቆም አለች። ጃኬቱ ከኋላ ተነሥቶ የሸሚዟ ጫፍ ወጥቷል፤ እጅጌው ከአንጓዋ አንድ ስንዝር ያህል ሸሽቷል፤ አንገቱም ወደ ኋላ ይጎትታታል። «እትዬ፣ ጀርባዬን ነፈሰኝ» አለች። መንገድ ዳር ነበርን። ሐይቅ መሐል ቢሆን ኖሮ የሚነፍሳት ብቻ አልነበረም።

እጅ ሲነሣ ጃኬቱ አብሮ የማይነሣው ከብብቱ ሥር ትርፍ ጨርቅ ሲኖረው ነው። ከፋሽን ሱቅ የሚገዛው ጃኬት ብብት ጠባብ ነው፤ እሱን እኔም ማስፋት አልችልም፣ ብፈታው የቴፑ ነገር አበቃ። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ፣ ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ለብሳችሁ ለኩ። ከኋላ መቀመጫችሁን ይሸፍን፤ ጉልበት ድረስ የሚወርደውን ካፖርት ግን ተዉት፣ ስትቀመጡ ይቋጠራል፣ ስትወድቁ እግር ይተበትባል።

የእጅጌው ጫፍ ሁለት ነገር ቢኖረው ደስ ይለኛል፦ ከውስጥ አንጓ ላይ የሚጠብቅ ላስቲክ፣ ከውጭ የሚጠበቅና የሚላላ ቬልክሮ። ከሌለው ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቁረጡና በእጅጌው ላይ አጥልቁት። ደም እስኪያቆም አይጥበቅ። ጎሚስታዎች የተጣለ ካላማዳሪ ሞልቷቸዋል፣ ለዚህ ብር አይጠይቋችሁም።

ሱሪውን እንደ ትርፍ ዕቃ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጥሩ አድርጌ ልግዛ ካላችሁ ለታንኳ ሱሪውን ግዙ። የምልክቱ ወረቀት ላይ 5,000 ወይም 10,000 ወይም 20,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ቢቆም ስንት ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ማስረግ እንደሚጀምር ነው የሚለው። 1,500 ለቀላል ካፊያ ይሠራል። ለከባድ ዝናብ 10,000 ደህና ነው። ተቀምጣችሁ ግን የሰውነታችሁ ክብደት ውሃውን በጨርቁ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጉልበት ላይ ስትንበረከኩ ይብሳል። ለመቀመጫና ለጉልበት እንግዲህ ከፍ ያለ ቁጥር ወይም ወፍራም ላስቲክ ፈልጉ። ማንገቻ ኖሮት ደረት ድረስ የሚወጣ ከሆነ ጃኬቱ ቢነሣም ወገባችሁ አይራቆትም። ከቀበቶ ሱሪ ይሻላል፣ ለመሽናት ግን ያስቸግራል፤ ሴቶች ይህን አስቡበት፣ በጎን ዚፕ ያለው አለ።

ፖንቾ፣ ያንን እጅጌ የሌለውን እንደ ካባ የሚደፋ የዝናብ ልብስ፣ አታምጡብኝ። ለገበያ፣ ለዘበኛ፣ ለለቅሶ ቤት ድንኳን በር ቆሞ እንግዳ ለመቀበል ጥሩ ነው። እረኛም ገሳውን ደፍቶ በሬዎቹ መሐል ሲቆም ዝናቡ በሣሩ ተከትሎ ይወርዳል፣ እሱ ደረቅ ነው፤ ከጎማውም ከናይለኑም በፊት ያንን ያሰበ ሰው አደንቃለሁ። ሁለቱም ግን ለቆመ ሰው ናቸው። ታንኳ ላይ ንፋስ ፖንቾውን ይነፋዋል፣ ጀልባውን ወደማትፈልጉት ይገፋል፣ እጃችሁን ያስራል። ብትገለበጡ ደግሞ ፊታችሁ ላይ ይጠመጠማል። ላይፍ ጃኬት ሁልጊዜ ከዝናብ ጃኬቱ በላይ ይለበስ። ከሥር ከሆነ ውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ጃኬቱን ወደ አንገት እየገፋ ያንቃል፣ ማሰሪያውንም አታገኙትም። እንግዲህ ስትለኩ ላይፍ ጃኬቱን ከላይ አጥልቃችሁ ለኩ፣ ደረት ላይ ያለው ኪስም ከሥሩ ተደብቆ እንደሚቀር አስቡ።

ስለ ጨርቁ ዓይነት ብዙ ይወራል፤ እኔ ሦስት ነው የማውቀው። አንደኛው የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱት ወፍራም ቢጫ ላስቲክ፣ ፒቪሲ የሚሉት ነው። ደህናው ስፌቱ በሙቀት የተበየደ ስለሆነ መርፌ የሚባል አልነካውም። ውሃ አያስገባም፣ አለቀ። ይከብዳል፣ በላብ ይቀቅላል፣ ታጥፎ ሲከርም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ዋጋው ግን የሌላውን ሩብ አይሞላም። ሁለተኛው ከውስጥ በፖሊዩሪቴን የተቀባ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው፤ ቀላል ነው፣ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ላብ ማሳለፉ እንደየሥራው ነው። ሦስተኛው በጨርቅና በጨርቅ መካከል ስስ ገለፈት ያለው፣ የሚተነፍሰው ነው።

የዚህኛው ታሪክ ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎን የሚባለውን ፕላስቲክ በሙቀት ድንገት ስቦ ሲለጥጠው ይጀምራል፤ ገበያ የወጣው በ1976 ነው። የተለጠጠው ገለፈት ቀዳዳዎቹ ከውሃ ጠብታ እጅግ ያነሱ፣ ከውሃ ተን ግን የበለጡ ናቸው፤ ዝናቡ አይገባም፣ የላቡ ተን ይወጣል። ሲሠራ ግሩም ነው። ለመሥራቱ ግን ውስጡ ከውጩ ይልቅ ሞቃትና እርጥብ መሆን አለበት። ጋምቤላ ባሮ ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ ተኑ የት ይሂድ? የላይኛው ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ ከጠቆረም ተኑ መውጫ ያጣል፤ ባለቤቱም «ውሃ አስገባ» ብሎ ጃኬቱን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን የራሱ ላብ ነው። ለማወቅ ክርኑን እዩት፤ እጅጌው ከላይ እስከ ታች እኩል ከራሰ ላብ ነው፣ በስፌት መስመር ብቻ ከራሰ ዝናብ ነው።

ቀኑን ሙሉ ታንኳ ላይ ለሚውል ሰው እኔ የምመርጠው ወፍራሙን የማይተነፍስ ነው፤ ከብብቱ ሥር የሚከፈት ዚፕ ቢኖረው ደግሞ እሰየው። ካናዳ ውስጥ ከሐይቅ ሐይቅ ታንኳቸውን በትከሻ እየተሸከሙ ለሳምንታት ከሚጓዙት ቀዛፊዎች መካከልም በዚህ የሚስማሙ አሉ፤ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ቢጭረው፣ እሳት ዳር ቢውል ስሱ ጨርቅ አይችልም። እሳት ካነሣሁ፦ ናይለን በአንዲት ፍንጣሪ ይበሳል። ወንጪ ግን ለየት ይላል። ሐይቁ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ገደል ውስጥ ነው፤ ቀዝፋችሁ ስታበቁ ዳገቱን በእግር ወይም በፈረስ ትወጣላችሁ። ዳገት ላይ በፒቪሲ መሄድ የራስን ላብ ጠጥቶ መውጣት ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚተነፍሰው ገንዘቡን ያወጣል፤ አለዚያም ላስቲኩን አውልቃችሁ ውጡ።

እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ የማልፈልገው አንድ ጨርቅ አለ። ኖርዌይ ውስጥ ሄሊ ሀንሰን የሚባል የመርከብ ካፒቴን እ.ኤ.አ. በ1877 ከሚስቱ ጋር ሆኖ የመርከበኛ ልብስ ሲሠራ የተልባ እግር ጨርቅን በተልባ ዘይት ይነክር ነበር። ተልባ እኛ ቆልተን የምንበጠብጠው! ሸራ ሰፊ ሆኜ ይህን ስሰማ ቀናሁ።

አዲስ የማይቻለው ሰልባጅ ይፈልግ፤ እኔም ብዙውን የምመክረው ሰልባጅ ነው። አውሮፓ አንድ ሁለት ጊዜ ተለብሶ የመጣ ደህና ጃኬት በርካሽ ይገኛል። ሲገዙ መጠንቀቅ ያለባችሁ የተቀባው ፖሊዩሪቴን ነው። እርጥበትና ሙቀት ባለበት ሲቀመጥ ይበሰብሳል። ገልብጣችሁ እዩ፦ እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ነጭ ነገር፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ልስላሴ፣ ትውከት ትውከት የሚል ሽታ። ከሦስቱ አንዱ ካለ ሻጩ ቢመርቅላችሁም አትውሰዱ። ይህን ማጠብም እንደገና መቀባትም አያድነውም፣ እኔም አልነካውም። ቆቡ ውስጥና አንገቱ ዙሪያ መጀመሪያ እዩ፤ የፊት ቅባትና ላብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዋናውን ዚፕ አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፤ ዚፕ መቀየር ይቻላል ግን እንደገና መርፌ ነው።

ቆቡን አጥልቃችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን አዙሩ። ቆቡ አብሮ ካልዞረ አንድ ዓይናችሁ ጨርቅ ያያል፣ ከኋላ የሚመጣውን ማዕበልም ሆነ ጀልባ አታዩም። ከኋላ የሚጠብቅ ገመድ ያለው ይሻላል። ከሥሩ ግንባር ያለው ኮፍያ ብታደርጉ ጠብታው ከዓይን ይርቃል። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን። ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ክረምት ከሰዓት፣ ጉም በወረደበት ሐይቅ ላይ ግን የወደቀ ሰው አይታይም።

ጃኬቱ የሚሠራው ከሥሩ በለበሳችሁት ነው። ጥጥ አትልበሱ፤ ጋቢውን፣ ጂንሱን፣ ቲሸርቱን ደረቅ ቦርሳ ውስጥ አድርጉና ማታ ተከናነቡት። ጥጥ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ ከራሰም በኋላ ያሞቃል፤ የመንዝ ሰው ባናውን ያለ ምክንያት ከበግ ጠጉር አልሠራውም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ዝዋይ ላይ የበቃችሁ ሹራብ ወንጪ ላይ አይበቃም። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ከወረደ አደጋ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ዚፑን መዝጋት ካቃተው፣ ንግግሩም ከተኮላተፈ፣ ወደ ዳር አውጡትና እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ «ትንሽ ነው የቀረን» አትበሉ። መብረቅ ከጀመረም እንዲሁ፣ ወዲያው ከውሃ ውጡ። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመናው ወጨጫ ተራራ ላይ ሲጠቁር አይቀርም፤ ጠዋት ቀዝፋችሁ ጨርሱ።

ጉልበት ድረስ የሚደርሰው የላስቲክ ቦት ጭቃ ላይ ንጉሥ ነው፤ ታንኳ ላይ ግን ከወደቃችሁ በውሃ ይሞላል፣ መዋኘትና ተመልሶ መውጣት ያስቸግራል። ውሃ የሚያወጣ ጫማና የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

ስትመለሱ ጃኬቱን እርጥቡን ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አትተዉት። በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ጥላ ላይ አንጠልጥሉት። የሚተነፍሰውን በዱቄት ሳሙናና በማለስለሻ አትጠቡ፤ ውሃ የሚያንከባልለውን ቅብ ይገድሉታል። ቅቡ ሲደክም ምልክቱ ላይ የሚፈቀድ ከሆነ ጨርቅ ደርባችሁ ለብ ባለ ካውያ ብትተኩሱት ጥቂት ይመለሳል። ቅቤ የነካው እጅና የማገዶ ጢስም ጠላቶቹ ናቸው፣ ማድ ቤት አትስቀሉት።

የተበሳ ጃኬት በመርፌ አትስፉ። ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል በአልኮል ጥረጉ፣ ጠርዙ ክብ የሆነ ቁራጭ ቁረጡ (ማዕዘን ያለው ቶሎ ይነሣል)፣ ማጣበቂያ ቀብታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ድንጋይ ጫኑበት። ለፒቪሲው የፒቪሲ ማጣበቂያ፣ ለናይለኑ የፖሊዩሪቴን። በሲሊኮን የተቀባ ስስ ናይለን ከሆነ ከሲሊኮን በስተቀር ምንም አይዝበትም፣ ማስቲሻችሁን አታባክኑ። ቁራጭ ሸራ እኔ ጋ ሞልቷል፣ በነጻ እሰጣለሁ፤ ማጣበቂያውን ይዛችሁ ኑ።